ዜናው ቤት ሲገባ

ሐዋሳ ላይ ዜና ለመስማት ብሎ ቴሌቪዥን የሚከፍት ሰው ትንሽ ነው። ከአቶቴ ወደ ፒያሳ ባጃጅ ተሳፈሩ። ሾፌሩ የከፈተው አለ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠችው ሴት በስልክ የምታወራው አለ። ገና ሳትወርዱ አንዱን ቪዲዮ ሁለት ሦስት ሰው ይልክላችኋል። ቤት ስትደርሱ ልጆቹ ቀድመዋችኋል። አይተውታል፣ ተከራክረውበታል፣ ትንሿም ሰምታለች።

እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። እቤቴ ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ከሳምንቱ ግማሹን መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ደንበኞቼ ልክ እስክወስድላቸው ድረስ ወሬ ያወርዳሉ። ባለቤቴ ከመንገድ ይዞ ይመጣል። ልጆቼ ከቲክቶክ ያመጣሉ። ቤታችን ወሬ አጥቶ አያውቅም። ያጣነው ወሬውን የምናስቀምጥበት ቦታ ነበር።

በጽዋ ማኅበራችን አንዳንድ እናቶች «አንቺ ልጆቹን ከዚህ ሁሉ እንዴት ነው የምትጠብቂያቸው?» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር አልጠብቃቸውም። አልችልማ! ዜናው ይገባል። እኛ የወሰንነው ከገባ በኋላ ምን እንደምናደርገው ነው። ምናልባት ለሌላ ቤትም ይሆን እንደሆነ ብዬ እንዴት እንደምናደርግ ልንገራችሁ።

ማታ ራት ከተበላ በኋላ፣ ከጸሎት በፊት፣ ስልክ ሁሉ ቡፌው ላይ ይሰበሰባል። የእኔም ጭምር። የእናት ስልክ እጇ ላይ ከቀረ ልጅ አይሰማትም፣ ይሄን ሞክሬ አይቼዋለሁ። ከዚያ እያንዳንዱ የሰማውን ያወራል። ትንሿ የክፍል ጓደኞቿን ጠብ ብታወራም ዜና ነው፣ ይያዝላታል። አባታቸው ካለ ከእሱ እንጀምራለን። ከሌለ ይደወልለታል።

ለሚወራው ሁሉ ጥያቄ አለ። ማን አየው? «ሰዎች ሲሉ ሰማሁ» መልስ አይሆንም። ቀጥሎ ደግሞ፣ ይሄ ነገር ከምናውቃቸው ሰዎች ማንን ይነካል? ብዙ የምንቆየው እዚህ ላይ ነው። ስለ ነዳጅ ከሆነ ትንሿን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ባለ ባጃጅ አለ። ስለ መድኃኒት እጥረት ከሆነ ስኳር ያለባቸው የማኅበራችን ሴት አሉ። ሰው ከተገኘ፣ ያ ሰው ነገ ከእኛ ምን ያገኛል? አንዳንዴ ስልክ መደወል ነው። አንዳንዴ አንድ ሰሐን ምሳ ነው። ብዙ ጊዜ ምንም የለንም፤ ከሌለንም የለንም እንላለን፣ አናስመስልም። ከዚያ ለጸሎት እንቆምና የዚያን ሰው ስም እንጠራለን። የክርስትና ስሙን ካወቅን በክርስትና ስሙ። ሰው ያላገኘንለት ዜና እዚያው ጠረጴዛው ላይ ያድራል። ይዘነው አንተኛም።

ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም። የንስሐ አባታችን ናቸው መንገዱን ያሳዩኝ። አንድ ሰሞን «አባቴ፣ ስጸልይ ሐሳቤ አይሰበሰብም፣ ዜናው ነው ፊቴ ላይ የሚመጣው» ብዬ ነግሬያቸው ነበር። እሳቸውም ቅዳሴውን ልብ ብዬ እንድሰማ ብቻ ነገሩኝ። እውነትም፣ መስተብቊዑ፣ የቅዳሴው የልመና ክፍል፣ ስለ ሕሙማን ይለምናል። ስለ ተጓዦች ይለምናል። ስለ ዝናም፣ ስለ ምድር ፍሬ፣ ስለ ወንዞች ውኃ፣ ስላረፉትም ይለምናል። ዓለምን በጅምላ ይዞ አይቆምም፤ አንድ በአንድ ነው የሚሄደው። ሕሙማን ሲባል እኔ የማውቀው አንድ ሕመምተኛ አለ። ተጓዦች ሲባል ባለቤቴ አለ። ዓመታት ሙሉ ያስቀደስኩት ቅዳሴ ነው፤ ያን ቀን ግን እቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

ልማዱ የተጀመረው በጦርነቱ ጊዜ ነው። ጥቅምት 2013 ላይ ወንዱ ልጄ ገና ትንሽ ነበር። የትኛው ከተማ ተያዘ፣ የትኛው ተለቀቀ የሚለውን እንደ ኳስ ውጤት ነበር የሚከታተለው። እኔም አፌን ከፍቼ አየዋለሁ። ማን አስተማረው? ማንም። አየር ላይ ነበር።

ያኔ መንደራችን ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ ልጇ መከላከያ ነው። ሁለተኛዋ የትግራይ ልጅ ናት፣ እዚሁ አግብታ ወልዳለች፤ እናቷ መቀሌ ናቸው። ስልክ ተቋርጦ ስለነበር ለወራት የእናቷን ድምፅ አልሰማችም። ሁለቱም ሴቶች ከእኛ ቤት ቡና ይጠጣሉ። አንድ ማታ ለጸሎት ስንቆም የሁለቱንም ስም ጠራሁ። ልጄ ጸሎቱ እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀም።

«እማዬ፣ ለሁለቱም እንዴት ይጸለያል? አንዱ ካሸነፈ ሌላው ይሸነፋል እኮ!»

«እኔ ስለ ማሸነፍ መች ጠየቅኩ? እሷ ልጇን እንድታይ፣ እሷም እናቷን እንድታይ ነው የጠየቅኩት» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ሁለቱም ሊሆን ይችላል?» አለኝ። «አላውቅም፤ ለእሱ ነው የምንጸልየው» አልኩ። ከዚያ በኋላ የከተማ ስም መቁጠሩን ተወ ብላችሁ ውሸት ነው፤ አልተወም። ግን በየማታው «የእትዬ ልጅ ደወለ?» ብሎ ይጠይቅ ጀመር።

ሁለቱም አልሆነም። የእንጀራ ሻጯ ልጅ መርዶ በ2014 መጣ። በድንኳኑ ውስጥ ጎንበስ ብለው ውኃ ከሚያዞሩት ሴቶች አንዷ ያቺ የትግራይ ልጅ ነበረች። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈርሞ፣ ስልኩ ቀስ በቀስ ሲመለስ፣ እሷ እናቷን አገኘች። እንጀራ ሻጯ «እልል» ብላ ነው የተቀበለቻት። ልጆቼ ሁለቱንም አይተዋል። ስለ ሀገር ከእኔ ከሰሙት ንግግር ሁሉ ይሄ ይበልጥባቸዋል ብዬ አምናለሁ። እኔም ከዚያ ወዲህ ብዙ አልናገርም።

«ማን አየው?» የምትለዋ ጥያቄ ደግሞ ለሐዋሳ ሰው ቅንጦት አይደለችም። የሰኔ 2010ን እና የሐምሌ 2011ን ግጭት እዚህ ከተማ ውስጥ ያሳለፈ ሰው፣ ወሬ በአንድ ከሰዓት ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ እኔ እዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። ልጆቼ «ፖሊስ» ይሉኛል።

በጥር 2015 ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ ጳጳሳት ተሾሙ ተብሎ በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ያ ሁሉ ነገር ሲመጣ፣ ሲኖዶሱ በነነዌ ጾም ምእመናን ጥቁር እንዲለብሱ ጥሪ አደረገ። እኔ በዚያ ሳምንት ከጥቁር ጨርቅ ሌላ አልሰፋሁም። የሚገባው ሰው ሁሉ ስልኩን ከፍቶ ያሳየኛል። ያለቀሰች ደንበኛ አለች። ወዲያው ደግሞ ፌስቡክና ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ። ወንዱ ልጄ ምኑ ሞኝ ነው፣ ቪፒኤን ጫነ። አንድ ማታ «እማዬ፣ ዛሬ የሆነ ነው» ብሎ ቪዲዮ አመጣ። ሰው ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ከላይ የሚናገረው ሰውዬ ድምፅ ደግሞ ደም ያፈላል።

«ድምፁን አጥፋውና እንየው» አልኩት።

አጠፋው። ያለ ድምፅ ስታዩት ዓይን ይሠራል። መሬቱ ጭቃ ነው። ሁለት ሴቶች ዣንጥላ ይዘዋል። ከኋላ ያለው ኮረብታ አረንጓዴ ነው። ወሩ የካቲት ነው፤ እኛ በር ላይ አቧራው ዓይን ያጠፋል። ልጄ ራሱ ነው ያየው። «ይሄ የክረምት ነው እንዴ?» አለ። የት እንደተቀረጸ እስከ ዛሬ አናውቅም። የዚያን ቀን አለመሆኑ ግን ገባን። ለስንት ሰው እንደላከው ጠየቅኩት። ለክፍሉ ልጆች ግሩፕ ልኮት ኖሯል። «በሉ፣ ዝናብ መሆኑን አይታችኋል?» ብሎ ጻፈላቸው። እኔ እንዲህ ጻፍ አላልኩትም።

አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ፦ ልጆች ማጋራት ጨዋታ ይመስላቸዋል። ሀገሪቱ ግን ሕግ አላት፣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012። የጥላቻ ንግግር ያሰራጨ ሰው እስከ 2 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። እኔ ለልጄ ከሕጉ በፊት የነገርኩት ኦሪት ዘጸአት 23 ላይ ያለውን ነው፤ «ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል» ይላል። አታሰራጭ ከማለቱ በፊት አትቀበል ነው የሚለው። እሱ ግን እስራቱ ነው የገባው። ይሁን፣ በየትኛውም በኩል ይግባ።

ስለ ተከራዮቻችንም ላንሳ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ከተማው በአንድ ጊዜ በልጃገረድ ተሞላ። ከወላይታ፣ ከሲዳማ ገጠር፣ ከየወረዳው ይመጣሉ። ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። እኛም ሰርቪስ ክፍላችንን ለአራት ልጆች አከራየን። ጎሕ ሳይቀድ ሰርቪስ አውቶቡሱን ለመያዝ ሲወጡ የግቢው በር ይሰማኛል፣ ማታ ሲገቡ እግራቸው ያበጠ ነው። ትንሿ ልጄ «እቴቴ» እያለች ጀርባቸው ላይ አደገች ማለት ይቻላል።

ታኅሣሥ 2014 ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ዜናውን ጠረጴዛ ላይ ያመጣችው ትልቋ ናት። ትንሿ «አጎዋ ምንድነው?» አለች። አባታቸው አስረዳ፦ እዚህ የተሰፋው ሸሚዝ አሜሪካ ሲገባ ቀረጥ አይከፈልበትም ነበር፤ አሁን ይከፈልበታል፤ ስለዚህ ገዢው ሌላ ሀገር ይሄዳል። «ማንን ይነካል?» የሚለውን ማንም አልጠየቀም። ግቢው ውስጥ መብራታቸው ይታያል።

ከአራቱ ሁለቱ በዚያ ዓመት ሥራ አጡ። እኛ ምን አደረግን? ትልቅ ነገር አላደረግንም። ኪራዩን ሥራ እስኪያገኙ ተውን፤ ባለቤቴ መጀመሪያ አጉረምርሟል፣ ልክም ነው፣ የእኛም ኑሮ በዚያ ላይ ነው። አንደኛዋ ወደ ወላይታ ቤተሰቦቿ ተመለሰች። ሌላዋ እኔ ጋ ማሽን ላይ ተቀመጠች። ፋብሪካ ውስጥ ዓመት ሙሉ የሰፋችው የእጅጌ ጫፍ ብቻ ነበር። ቀሚስ ከላይ እስከ ታች መቁረጥ አታውቅም። እጇ ግን ፈጣን ነው፣ ስፌቷ እንደ መስመር ቀጥ ያለ። ዛሬ የራሷ ማሽን አላት። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፣ እኛ ኦርቶዶክስ። ማታ ለጸሎት ስንቆም እሷ ክፍሏ ውስጥ በራሷ ቋንቋ ትጸልያለች፣ ድምፁ ይሰማል። ልጆቼ «እቴቴ ዛሬ ረዘመባት» ይላሉ። ማንም ማንንም አላስቸገረም።

አሁን ወደ ፈተናው ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ እናቶች ይሄን ነው የሚጠይቁኝ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት የጀመረው በ2014 ተፈታኞች ነው። ያኔ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ሀገር ደነገጠ። የእኔ ትልቋ ቀጣዩ ዓመት ላይ ናት። ሐምሌ 2015 ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሸኘኋት። ያ ሰሞን ደግሞ የሐምሌ ገብርኤል ነው። ሐዋሳን የሚያውቅ ሐምሌ 19ን ያውቃል። ከየከተማው ሰው ይመጣል፣ የአልጋ ቤት ክፍል አይገኝም፣ ቅጥሩ ነጠላ ለብሶ ያድራል። ስለት የሚያስገባው ጧፍ፣ ሻማ፣ ዣንጥላ ተሸክሟል። በዚያ ዓመት በየጥጉ የተፈታኝ እናት ነበረች። እርስ በርስ እንተዋወቃለን፤ ስታዩን እናስታውቃለን። አንዷ «ልጄ ካለፈ መጋረጃ» ትላለች፣ ሌላዋ «እኔ ጃንጥላውን በወርቅ ቀለም ጥልፍ» ትላለች። እኔም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የልጄ ፊት መጣብኝ። ባታልፍስ? ገብርኤል እምቢ አላት ልላት ነው? ስለዚህ የተሳልኩት ያለ «ካለፈች» ነው። ሄዳ በሰላም ከተመለሰች ብዬ ጧፍ ተሳልኩ፣ ተመለሰች፣ አስገባሁ። ስለት የሚሳሉትን መንቀፌ አይደለም። እኔም በሌላ ጉዳይ ተስያለሁ፣ ደርሶልኛል። ልጅ የሚሰማው ስለት ግን ልጁ ላይ ሸክም ይሆናል፤ ይሄን ብቻ ነው የምለው።

ውጤቱ በአዲሱ ዓመት መጀመሪያ መጣ። በአገር ደረጃ ያለፈው 3.2 በመቶ ነው። ልጄ ግማሽ አላመጣችም። ሁለት ቀን ከክፍሏ አልወጣችም። ማታ ጠረጴዛው ላይ ወንድሟ «ዛሬ ዜናው የፈተና ነው» አለና ዝም አለ። «ማንን ይነካል?» ብሎ የሚጠይቅ ደግሞ ከየት ይመጣል። አባቷ እንጀራ ጠቅልሎ ክፍሏ ድረስ ሄደ። በር ላይ ቆሞ «የሚበላ ሰው አለ?» አላት። ከፈተች።

በነጋታው የመጣ ዘመድ ሁሉ አንድ ነገር ይላል። «እግዚአብሔር ያላለው ነው።» «ጸሎት ሲቀንስ እንዲህ ነው።» ይሄኛውን ያለችኝን ሴት ቡና ሳላጠጣ ሸኘኋት፣ አልጸጸትም። ከመቶ ዘጠና ሰባት የሚጠጋው ጸሎት ያልጸለየ ነው? ከዓመት ዓመት መምህር የሚቀያየርበት፣ አንድ መጽሐፍ ለአራት የሚደርስበት ክፍል ውስጥ የተማረ ልጅ ላይ መንፈሳዊ ምክንያት መፈለግ ግፍ ነው። ለልጄ ያልኳት ይሄንኑ ነው፦ ያንቺ ድርሻ አለ፣ የአስተማሪዎችሽ ድርሻ አለ፣ የእኛም አለ፣ የመንግሥትም አለ። የእግዚአብሔርን ስም ከዚህ ዝርዝር አውጪው። እሱ ጋ የምትሄጂው ለመለመን ነው፣ ተጠያቂ ለማድረግ አይደለም። ውጤቷ ለሬሜዲያል ይበቃ ነበር። ዓመቱን ተማረች፣ በሁለተኛው በር ገባች፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት። ያልገቡም አሉ። የጎረቤታችን ልጅ ቴክኒክና ሙያ ገብታ ኤሌክትሪክ ተምራ፣ ዘንድሮ የእኛን ቤት ቆጣሪ ያስተካከለችው እሷ ናት። ልጅ ለሚያስፈትኑ እናቶች የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ውጤት ከመምጣቱ በፊት «ባይመጣስ?» የሚለውን ከልጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አውሩ። ማውራት አያስወድቅም።

የብሩን ነገር ባጭሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ፍልሰታ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ዶላር እኔ ምን አገባኝ የሚል ሰው ዘይት ሲገዛ ይገባዋል። ጾም ደግሞ እንደምታውቁት ዘይት ይበላል። እኛ ያደረግነው ፍልሰታን ወደ ድሮው መመለስ ነው። ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ስልጆ። እናቴ ዘይት በጀሪካን ገዝታ አታውቅም፤ ጾሙን ግን ጾመችው። ልጆቼ የመጀመሪያውን ሳምንት አኮረፉ፣ በኋላ ሱፉን ለመዱት። «ዓሣ እንብላ» የሚል ድምፅም ተሰምቷል። አሞራ ገደል፣ የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ አፍንጫችን ሥር እያለ ዓሣ ለጾም ይሆናል አይሆንም የሚለው የሐዋሳ የዘወትር ክርክር ነው። እኛ ቤት አይሆንም። እዚህ ላይ ክርክር አልከፍትም።

ከዘይቱ የተረፈውን ምን አደረግን ብትሉ፣ ከቡፌው መሳቢያ ውስጥ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አለች። ማታ ሰው ስሙ ሲጠራ የሚሰጠው ነገር የሚወጣው ከእሷ ነው። ብዙ አይደለም። ግን ልጆቹ ሲጨምሩም ሲያወጡም ያያሉ። ትንሿ አንዴ የባጃጁን ልጅ የጎማ ችግር ሰምታ የራሷን አምስት ብር ጨመረች። ጎማ በአምስት ብር እንደማይገዛ ነግሬያታለሁ። «ለንፋሱ ይሁነው» አለች።

ከሁሉ የሚከብደኝ የመንገድ ዜና ነው። ሹፌር ታገተ፣ መኪና ቆመ፣ መንገድ ተዘጋ ሲባል የሹፌር ቤት ሌላው ቤት በሚሰማበት ጆሮ አይሰማም። ባለቤቴ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ በሻሸመኔ፣ በዝዋይ፣ በመቂ አድርጎ ሞጆ ሲደርስ ይደውላል። ስልኩ የዘገየ ቀን ልጆቹ ፊቴን ያነባሉ። መጀመሪያ እደብቅ ነበር። አሁን «አባታችሁ አልደወለም፣ እኔም ጨንቆኛል» እላለሁ። ስለ ተጓዦች ያቺን ልመና ያን ቀን ደጋግመን እንላለን። ጌታችን በማቴዎስ 24 «ጦርንም የጦርንም ወሬ ትሰሙ ዘንድ አላችሁ» ሲል «አትደንግጡ» አለ። እኔ ግን እደነግጣለሁ። ደንግጬም ራት አቀርባለሁ፣ የቤት ሥራ አያለሁ። በዚህ ላይ አቅሜ እስከዚህ ነው።

ለመጀመር ለምታስቡ አንዳንድ ነገር ልበል። ባሌ አይቆምም የምትሉ አትጎትቱት። የእኔም መጀመሪያ ላይ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር የሚሰማው፤ የሚነካውን ሰው ስም በመናገር ግን ከሁላችንም ይበልጥ ነበር፤ መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው የለም። ጎረምሳ ልጅ «ደከመኝ» ካለ ይተኛ፣ ዜናውን ብቻ ተናግሮ ይሂድ። የሚያስፈራ ነገር ካለ ትንንሾቹ ከተኙ በኋላ ይነሳ፤ ሁሉን ነገር ለሁሉ ዕድሜ አይነገርም። ውዳሴ ማርያሙን በሙሉ ማድረስ ካልቻላችሁ አቡነ ዘበሰማያት ይበቃል፤ እኛም ብዙ ቀን እንደዚያ ነን። ፕሮቴስታንት ጎረቤቴ ይሄንኑ ቤቷ ጀምራለች። እነሱ በመዝሙር ይጀምራሉ፣ የሰው ስም ደግሞ ወረቀት ላይ ጽፈው ፍሪጁ ላይ ይለጥፋሉ። የፍሪጁን ሐሳብ ከእሷ ወስደናል።

እሑድ ማታ ግን ዜና የለም። ባለቤቴ ቤት ካለ የእንግሊዝ ኳስ አለ፣ ወንዱ ልጄ የአርሴናል ነው፣ አባቱ የማንቸስተር። ለሁለቱም አልጸልይም።